በወሎ የግል የሜካፕ ሥራ ለማቀድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በሐይቅ፣ በከሚሴና በአካባቢያቸው ሳሎን ሳይከፍቱ ደንበኛቸው ቤት ድረስ እየሄዱ ሜካፕ ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ያተኮሩት ሥራውን በማቀድ ላይ ነው። እጃቸው የሰላ ባለሙያዎች ሥራውን ትተው ሲወጡ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ዓመቱን አስቀድመው አለማስላታቸው ነው።

ይህ ሥራ ዓመቱን ሙሉ ገቢ ያስገኛል ወይ?

ዓመቱን ሙሉ እኩል አያስገኝም፤ ዕቅድዎም መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በአጽዋማት ሠርግ ስለማይደግሱ፣ የነቢያት ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 በፊት ያሉት ሳምንታት፣ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ፣ እንዲሁም ከፋሲካ እስከ ሐዋርያት ጾም ያሉት ሳምንታት ዋናዎቹ የሥራ ወቅቶች ናቸው። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ ደግሞ በረመዳን ሠርግ እምብዛም አይታይም፤ ከዒድ አልፈጥር በኋላ ባለው የሸዋል ወርና ከአረፋ በኋላ ግን ኒካሕ ይበዛል። የሂጅራው ዓመት ከእኛ ዓመት በ10 ወይም በ11 ቀናት ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ ይህንኑ ያህል ቀደም ብሎ ይገባል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሠራ የሥራ ዕቅድ በሚቀጥለው ዓመት እንዳለ ሊወሰድ አይችልም።

ነገሩን በቀን ላይ አስቀምጠን ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ሲገባ ረመዳንም የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው፤ ስለዚህ የካቲት አጋማሽና የመጋቢት መጀመሪያ በሁለቱም ወገን ሠርግ የሌለበት ጊዜ ሆነ። በ2019 ዓ.ም. ግን ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ስለሚውል ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ቀን ነው፤ ረመዳን ደግሞ ጨረቃ እንደታየችበት ቢወሰንም በየካቲት መጀመሪያ ገብቶ በወሩ ማብቂያ አካባቢ ይወጣል። ይህ ማለት የካቲትን በክርስቲያን ሙሽሮች፣ መጋቢትን በሙስሊም ሙሽሮች መሙላት የሚቻልበት ዓመት ነው። ሁለቱንም የምታገለግል ባለሙያ በዚያ ዓመት አንድ ወር ሙሉ ተጨማሪ ሥራ ታገኛለች ማለት ነው፤ በእኔ እምነት ወሎ ውስጥ መሥራት ከሌሎች ብዙ አካባቢዎች የሚሻልበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

በዚያው በ2019 ዓ.ም. ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት እሑዶች 7 ናቸው። ከፋሲካ ማግስት እስከ ሐዋርያት ጾም መግቢያ ያሉትም 7 ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሠርግ በአብዛኛው እሑድ የሚውል በመሆኑ፣ በሁለቱ ታላላቅ ወቅቶች ሙሽራ ቤት የሚገቡባቸው ዋና ዋና ጠዋቶች በድምሩ 14 ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓትና መልሱን ብትጨምሩበትም ቁጥሩ በጣም አይርቅም። ስለዚህ በመስከረም ወር የሁለቱንም እምነት በዓላትና አጽዋማት የያዘ የቀን መቁጠሪያ ገዝተው፣ የሥራ ቀናትን በአንድ ቀለም፣ ጸጥ የሚልባቸውን ሳምንታት በሌላ ቀለም ቢያቀልሙ፣ ዓመታዊ ገቢዎ ከየት እንደሚመጣና በየትኞቹ ወራት ከቁጠባ እንደሚኖሩ በዚያው ዕለት ያውቁታል።

ሠርግ በሌለባቸው ወራት ምን ልሥራ?

የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም በወልድያ ተማሪዎች ስለሚያስመርቁ የምረቃ ሰሞን ትንሽ ነገር ግን አስተማማኝ ሥራ አለው፤ ተመራቂዎች በቡድን ስለሚመጡም አንድ ጠዋት ላይ ብዙ ፊት መሥራት ይቻላል። ከፎቶ ቤቶች ጋር ተስማምቶ ለልደትና ለቅድመ ሠርግ ፎቶ መሥራት፣ በዒድና በገና ዋዜማ ቀለል ያለ ሜካፕ ማቅረብ፣ ለጀማሪዎች አጭር ሥልጠና መስጠትም ይቻላል። በላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል በነሐሴ አጋማሽ ሲከበር ልጃገረዶች የሚዋቡት በሹሩባና በኩል ነው። በዚያን ጊዜ ከባድ ሜካፕ ይዞ ከመቅረብ ሹሩባ ከሚሠሩ እናቶች ጋር ተቀናጅቶ መሥራት ለባህሉም ለገበያውም ይስማማል።

ክርስቲያንም ሙስሊምም ሙሽራ ለማገልገል ምን ማወቅ አለብኝ?

በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ የሁለቱም እምነት ተከታዮች መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ሙሽራዋ ማን ብትሆን ከሚዜዎቿና ከአክስቶቿ መካከል የሌላው እምነት ተከታይ ሊኖር ይችላል። ቀጠሮ ሲይዙ በአክብሮት ጠይቆ መመዝገብ የሙያው አካል እንጂ ድፍረት አይደለም።

ለሙስሊም ሙሽራ በመጀመሪያ የሚታሰበው የሶላት ሰዓት ነው። ውኃ የማያስገባ ፋውንዴሽን (መላ ፊት ላይ የሚቀባው የመሠረት ቅብ) እና የጥፍር ቀለም ውዱእን ስለሚያውኩ፣ ሙሽራዋ ውዱእ አድርጋ ከተቀመጠች በኋላ ሥራውን መጀመርና በሁለት ሶላቶች መካከል በቂ ጊዜ የሚገኝበትን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። የጥፍር ቀለም የማትፈልግ ከሆነ ሂናው ይበቃታል። ጸጉሯ በተገለጠበት ክፍል ወንድ ፎቶ አንሺ ወይም ወንድ ረዳት እንዳይገባ ኃላፊነቱን የምትወስደው ባለሙያዋ ናት፤ በሩ ላይ ከሙሽራዋ ዘመዶች አንዷ እንድትቆም አስቀድሞ መነጋገር ጥሩ ነው። ሂጃቡ በመጨረሻ ስለሚደረግ አገጭና ግንባር ላይ ያለው ፋውንዴሽን ነጩን ጨርቅ እንዳያበላሽ እነዚህ ቦታዎች በስሱ ተቀብተው በፓውደር በደንብ መያዝ ይኖርባቸዋል።

በተክሊልና በቁርባን ለምትጋባ ክርስቲያን ሙሽራ ነገሩ ሌላ ነው። ለቁርባን የምትቀርብ ሙሽራ ከጌጥና ከመዋቢያ ተቆጥባ መግባትን ስለምትመርጥ፣ ብዙዎቹ ሜካፕ የሚፈልጉት ከቅዳሴ በኋላ ላለው ድግስ ወይም ለመልሱ ብቻ ነው። ያለ ቁርባን በቤተ ክርስቲያን የምትባረክ ሙሽራም ቢሆን መስቀል ስትሳለም ሊፕስቲኩ መስቀሉ ላይ እንዳይቀር፣ ከንፈሯን ቤተ ክርስቲያን ከመግባቷ በፊት ባዶ ትቶ ስትወጣ ማስተካከል ተገቢ ነው። ሊፕስቲኩን ለአንዷ ሚዜ አስይዞ አሠራሩን ማሳየት በቂ ይሆናል።

ከእምነት ውጪ የሆነ፣ ነገር ግን ሥራውን የሚነካ አንድ የአካባቢ ልማድ መጨመር አለብኝ። ሙሽራዋ የወይባ እንጨት ጭስ ሞቃ፣ ጸጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ ልትጠብቅዎ ትችላለች። ቅቤው በግንባሯና በጆሮ ግንዷ ላይ ከወረደ ፋውንዴሽኑ አይዝም፤ ከፀጉር መነሻው ጀምሮ ይንሸራተታል። የወይባው ሙቀትም ቆዳዋን ለአንድ ቀን ያህል ያቀላዋል። ስለዚህ ወይባውና ቅቤው ከሠርጉ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ እንዲያልቅ፣ ጸጉሩም በዋዜማው እንዲታጠብ ቀጠሮ በተያዘ ዕለት ለእናቷ መንገር ያስፈልጋል። ለሙሽራዋ ብቻ መንገር አይበቃም፤ በዚያ ሰሞን ስለ ገላዋ የሚወስኑት እናቷና አክስቶቿ ናቸው።

ዋጋዬን እንዴት ልተምን?

በገበያ ያለውን ዋጋ ጠይቆ ከዚያ ጥቂት መቀነስ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ባለሙያዋን የሚያከስራት ይኸው ነው። ትክክለኛው መንገድ አንድ ሙሽራ ለእርስዎ ምን ያህል እንደምታስወጣዎት ማስላት ነው። ቁጥሮቹ ለአብነት ብቻ የተቀመጡ መሆናቸውን ይያዙልኝና እንዲህ እናስላ። ያለቀ ወይም ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለመተካት፣ ለስልክ ጥቅል፣ ለሥልጠና፣ ለፈቃድ እድሳትና ለመሳሰለው በዓመት 80,000 ብር ያወጣሉ እንበል። በዓመት 40 ሙሽሮችን የሚሠሩ ከሆነ እያንዳንዷ 2,000 ብር መሸከም አለባት። ለአንድ ሙሽራ በቀጥታ የሚያልቀው ቀለም፣ ስፖንጅና ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት 600፣ ትራንስፖርት 400፣ የረዳት አበል 500 ብር ቢሆን 1,500 ብር ይጨመራል። የሙከራ ሜካፑን፣ የመንገዱንና የዕለቱን ጊዜ ደምረው 12 ሰዓት ቢሆንና ለሰዓትዎ 150 ብር ቢሰጡት ሌላ 1,800 ብር ነው። ድምሩ 5,300 ብር ይሆናል፤ ከዚህ በታች የተቀበሉት ሁሉ ከኪስዎ የሚወጣ ነው።

አሁን ያንኑ ሒሳብ በ20 ሙሽሮች ይሥሩት። ዓመታዊው ወጪ ለእያንዳንዷ 4,000 ብር ስለሚደርስ መነሻው 7,300 ብር ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ሥራ ያላት ጀማሪ ከብዙ ሥራ ባለቤቷ ይልቅ ዝቅ ያለ ዋጋ ስትጠራ ወጪዋን መሸፈን አትችልም። ከላይ የተቆጠሩት እሑዶች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ በዓመት ስንት ሙሽራ መሥራት እንደሚችሉ ሳያውቁ ዋጋ መተመን አይቻልም። ጀማሪ ከሆኑ ዋጋውን በማውረድ ፈንታ ዓመታዊ ወጪውን ማሳነስ ይሻላል፦ ጥቂት ዕቃ፣ የጋራ መብራት፣ በቅርብ ከተማ ብቻ መሥራት።

የሚዜዎችና የእናቶች ዋጋ ለብቻው ይጻፍ። ሙሽራዋን ተስማምተው ሲሄዱ «እነዚህንም ትንሽ ነካ ነካ አድርጊልን» መባሉ አይቀርም፤ ለእያንዳንዷ የተጻፈ ዋጋ ካለ ግን ንግግሩ በአንድ አረፍተ ነገር ያልቃል።

ዘመድና ጎረቤት ቅናሽ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?

ይህ ከሁሉ የሚከብድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። አንዲት እናት እጅዎን ይዘው «ልጄ፣ ከአንድ እድር አይደለን? አብሽሪ፣ በሌላ ሠርግ እናካክሰዋለን» ሲሉ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት በእኛ አገር ወግ አይደለም። ይሁን እንጂ በሁለቱ የሠርግ ወቅቶች ካሉት 14 ዋና ጠዋቶች አንዱን በነፃ ከሰጡ፣ የሰጡት ሜካፕ ብቻ አይደለም፤ ያን ዕለት ሊመጣ የነበረውን ደንበኛም አብረው ሰጥተዋል። መውጫው ቅናሹ በምን ላይ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው። ለቅርብ ዘመድ የሙሽራዋን ዋጋ ሳይነኩ የሙከራ ሜካፑን በስጦታ ማድረግ፣ የእናቲቱን ፊት በስጦታ መሥራት፣ ወይም ሠርጉ በረቡዕና በሐሙስ ከሆነ የተወሰነ መቶኛ መቀነስ ይቻላል። «እማማ፣ የእርስዎን ፊት በስጦታ እሠራለሁ፤ የሙሽሪት ግን የዕቃዋ ነው» የሚል መልስ ዝምድናውንም ሒሳቡንም ይጠብቃል። በዓመት ምን ያህል በስጦታ እንደሚሠሩ በመስከረም ወስነው ከጻፉ፣ ቁጥሩ ሲሞላ «የዘንድሮው ሞልቶብኛል» ማለት እውነት ይሆናል።

ቀብድ መቀበል ይገባኛል? ውልስ መጻፍ ግድ ነው?

ቀብድ ያልተቀበሉበትን ቀን የተያዘ አድርገው አይቁጠሩት። ቀብድ ሕጋዊ ውጤት ያለው ነገር መሆኑንም ልብ ይበሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚደነግገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ድንጋጌ ሙሽራዋን ብቻ ሳይሆን እርስዎንም ያስራል፤ በአንድ እሑድ ሁለት ቀብድ ተቀብሎ አንዷን መተው ከስም መጥፋት በላይ በእጥፍ ያስከፍላል።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ላይ የሠርጉ ቀን፣ ሥራው የሚጀመርበት ሰዓትና ቦታ፣ የሚሠሩት ሰዎች ብዛት፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ የተከፈለው ቀብድና ቀሪው የሚከፈልበት ጊዜ ይጻፍ። ቀሪ ክፍያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢጠናቀቅ ይሻላል፤ ሙሽራው ደርሶ መኪናው ጥሩንባ መንፋት ከጀመረ በኋላ ስለ ገንዘብ መነጋገር ለማንም አይመችም። ሰዓት ሲጽፉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ያመልክቱ፤ ከውጭ አገር የመጣ ሙሽራ «11 ሰዓት» ሲባል ሌላ ሰዓት ሊረዳ ይችላል። በሐዘን ምክንያት ሠርግ ሲተላለፍ ቀብዱ ለአዲሱ ቀን እንደሚያገለግል ቢጻፍ ደግሞ ሰብአዊም ተገቢም ነው።

የንግድ ፈቃድና ግብር ያስፈልገኛል?

ቤት ለቤት መሥራትዎ ከንግድ ሕግ አያወጣዎትም። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚመራ ስለሆነ፣ በሚኖሩበት ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ለውበት አገልግሎት ዘርፍ የብቃት ማረጋገጫን ጨምሮ ምን እንደሚጠየቅ ይጠይቁ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ያውጡ። የግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ከዚያ በፊት የከፈሉ ሰዎች ስለ ደረጃና ስለ መጠን የሚሰጡት ምክር ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል፤ ቀጥታ ገቢዎች ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ይበልጣል።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑ ለዚህ ሙያ የሚመች ነው፤ ዋናዎቹ የሠርግ ወቅቶች አልፈው ገቢው ተጠቃሎ ይታወቃል። ችግሩ የሚመጣው የጥርና የሚያዝያ ገንዘብ ሐምሌ ሳይደርስ ካለቀ ነው። ስለዚህ በቴሌብርም ሆነ በባንክ የሚገባ ክፍያ ከቤት ወጪ በተለየ ሒሳብ ይግባ፤ ከእያንዳንዱ ክፍያም የግብሩ ድርሻ በዕለቱ ተቀንሶ ይቀመጥ። ደብተር መያዝ ከከበደዎት አንድ ገጽ ለገቢ፣ አንድ ገጽ ለወጪ ለጊዜው ይበቃል።

ለመጀመር ምን ያህል ዕቃ ያስፈልገኛል?

ከሚታሰበው ያነሰ። ጀማሪዎች ገንዘባቸውን የሚጨርሱት በሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም) ሳጥኖች ላይ ነው፤ ሙሽሮች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተውሉት የፊታቸው ቀለም ከአንገታቸው ጋር መስማማቱን ነው። ከጥቁር ጠይም እስከ ቀይ ዳማ ያለውን የወሎ ሴት መልክ ለመሸፈን ሊደባለቁ የሚችሉ አራት ወይም አምስት የፋውንዴሽን ቀለሞች፣ ግራጫ ጥላን የሚሽር ብርቱካናማ ኮንሲለር፣ ጥሩ ፓውደር፣ አንድ የተመጠነ የሻዶ ሳጥን፣ ጥቂት ሊፕስቲኮችና ሁለት ሙሉ የብሩሽ ስብስብ ካለዎት ሥራ መጀመር ይቻላል። የፋውንዴሽኑ ቀለም የሚፈተነው በእጅ ጀርባ ላይ አይደለም፤ በአገጭ ጠርዝ ላይ፣ በመስኮት ብርሃን ነው። ከዚህ በተረፈ በቻርጅ የሚሠራ መብራት ግድ ነው፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ ሠርጉ አይጠብቅም።

ገንዘቡን በእቁብ ማሰባሰብ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዕጣው ከጥር በፊት እንዲደርስዎ ከሰብሳቢው ጋር መስማማት ከተቻለ ይበልጥ ይጠቅማል። በብድር መጀመርን ግን ለመጀመሪያው ዓመት አልመክርም፤ የወር ክፍያ በየወሩ ሲመጣ ገቢው የሚመጣው በወቅት ነው።

ንጽሕናን በተመለከተ ምን ያህል ጥብቅ መሆን አለብኝ?

እስከ መጨረሻው ጥብቅ መሆን አለብዎት፤ በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም። አንድ የማስካራ ብሩሽ ከሙሽራዋ ዓይን ወደ ስድስት ሚዜዎች ዓይን ከዞረ፣ አንዷ ያላት የዓይን ሕመም በመልሱ ዕለት የሁሉም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዷ አንድ ጊዜ የሚጣል ማስካራ መቀቢያ ይጠቀሙ፤ የነካ መቀቢያ ወደ ዕቃው ተመልሶ አይገባም። ክሬምና ሊፕስቲክ በንጹሕ ማንኪያ መሰል መጭለፊያ ተጭልፎ በብረት ሳህን ላይ ይደረግ። ብሩሾች በሳሙና ይታጠቡ፤ ፓውደርና ብረት ላይ 70 በመቶ አልኮል ይረጭ። ከዚህ የበረታ አልኮል የተሻለ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚተንና ጀርም ለመግደል ውኃም ስለሚያስፈልግ 70 በመቶው ይበልጥ ይሠራል። በደሴ ጭጋግና ብርድ ብሩሽ በአንድ ሌሊት ላይደርቅ ስለሚችል ነው ሁለት ስብስብ ያልኩት፤ እርጥብ ብሩሽ ጀርም ያራባል፣ ፋውንዴሽኑንም ያሰነጣጥቀዋል።

የተከፈተ ማስካራ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይጣል። በሌሎቹ ዕቃዎች ላይ ክዳኑ የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕልና በውስጡ የተጻፈው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ያሳያል። በከፈቱበት ዕለት ቀኑን በእስክሪብቶ ክዳኑ ላይ ይጻፉ። የሽፋሽፍት ማጣበቂያ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ስለሚያስነሳ በሙከራው ቀን በክርን ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠብታ አድርጎ እስከ ሁለት ቀን መጠበቅ ይገባል።

ሙሽራዋ «አቅይኝ» ብትለኝስ?

ሜካፕ መልክ ያስውባል፤ ሌላ ሰው አያደርግም። ከአንገቷ በሁለት ደረጃ የነጣ ፋውንዴሽን በፍላሽ ፎቶ ላይ ፊቷን አመድ ያስመስለዋል፤ ይህን በሙከራው ቀን ሁለት ፎቶ አንስቶ ጎን ለጎን ማሳየት ከክርክር ይሻላል። ከዚህ የሚከፋው ከሠርጉ ወራት በፊት የሚጀመረው የማንጫ ክሬም ነው። አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ያለባቸው ሲሆኑ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች እንዲቀሩ ወስኗል። በኢትዮጵያም መዋቢያዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በቁጥጥር ሥር ናቸው። የይዘት ዝርዝርና አምራቹ ያልተጻፈበትን ክሬም አይቀቡ፣ አይሽጡ፣ «የት ይገኛል» ለምትልም አያመላክቱ።

በዚሁ ላይ ሁለት የቅርብ ነገሮች መነሳት አለባቸው። ተፈጥሯዊው ሂና ሰዓታት ይፈጃል፤ ቀለሙም ብርቱካናማ ቡኒ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ የጸጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ስለሆነ፣ ቆዳን ሊያቃጥልና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አለርጂ ሊተው ይችላል። በባህላዊ መንገድ ከድንጋይ የሚዘጋጅ ኩልም እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። አያቶች ለሙሽራዋ ኩል ሊኳሉላት ሲፈልጉ በአክብሮት ተቀብሎ፣ ምርቃቱን ጠብቆ፣ ኩሉን ግን በታሸገ አይላይነር መተካት ይቻላል።

የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት ሥራውን ይለውጡታል?

በእጅጉ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ከብርድ ወደ ሙቀት ይገባሉ። የደሴ ቆዳ በጥር ጠዋት ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ከፋውንዴሽኑ በፊት በቂ ማለስለሻ ቀብቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻና ከሚሴ ላይ ያው ማለስለሻ እኩለ ቀን ሳይሞላ ፊቱን ያብረቀርቀዋል። ሙሽራዋ በአንዱ ከተማ ለብሳ በሌላው የምትደገስ ከሆነ ለሞቃታማው ይሥሩ፤ ድርቀትን በኋላ ማርጠብ ይቻላል፣ የቀለጠን ግን ማስመለስ አይቻልም።

ሩቅ ከተማ ወይም ገጠር ስጠራ ምን ላድርግ?

ከዋዜማው መድረስን የውሉ አካል ያድርጉት፤ ማደሪያውንና ደርሶ መልስ መጓጓዣውን ደጋሹ እንዲሸፍን ይጻፍ። የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ሳምንት የአካባቢውን ሰው ጠይቀው ይወቁ፤ መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ምን እንደሚሆንም አስቀድመው ይስማሙ። በተቻለ መጠን በየከተማው አንድ የሙያ ባልደረባ ይኑርዎት። እርስዎ መድረስ ካልቻሉ እሷ፣ እሷ ካልቻለች እርስዎ ትተካላችሁ።

የሠራኋቸውን ሙሽሮች ፎቶ በቲክቶክና በቴሌግራም መልቀቅ እችላለሁ?

በፈቃዳቸው ብቻ ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። ውሉ ላይ «ፎቶዬ ይለቀቅ» እና «አይለቀቅ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ጽፈው ሙሽራዋ በምርጫዋ ትፈርም። ጸጉሯን ሳትሸፍን የተነሳች ሙስሊም ሙሽራ፣ ወይም የባሏ ቤተሰብ የማይወድባት ሙሽራ «አይለቀቅ» ብትል አታግባቧት፤ ዓይኗ ወይም እጇ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ካለ ደግማችሁ ጠይቋት። ፊት ያለመልቀቅ ስም ያተረፈች ባለሙያ ፎቶ በብዛት ከምትለቅ ይልቅ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ትፈለጋለች፤ ጥሪውም የሚመጣው በማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን ከእህት ወደ እህት ነው።

ሳሎን መክፈት ያለብኝ መቼ ነው?

የጾሙን ወራት ኪራይ ከሠርግ ውጪ ባለ ገቢ ብቻ መክፈል ሲችሉ ነው። የጥርን ገቢ አይቶ የሱቅ ውል የፈረመ ሰው በዐቢይ ጾም የሚከፍለው ያጣል። ከዚያ በፊት ጸጉር የምትሠራ ባልደረባ ሳሎን ውስጥ አንድ ወንበርና መስተዋት በቀን ተከራይቶ ሁለት የጾም ወቅቶችን አሳልፎ መሞከር ይቻላል፤ በእነዚያ ወራት ወደ ወንበሩ የመጡት ደንበኞች ብዛትም ሱቅ መከራየት ይገባዎት እንደሆነ ይነግርዎታል።